የአራተኛ ክፍሉ ተማሪ፣ አቶ ፈንታሁን

አንድ ቀን ነው፤ ያውም ጳጉሜን ሦስት፣ ደሴ ጭጋጓን እንደ ጋቢ የተከናነበችበት፣ ዝናቡም አላባራ ያለበት ጠዋት። ይማም አስፋው የሚባል አዲስ ተመራቂ ከእህቱ ጓሮ አንድ ጎመን ከነሥሩ ነቀለ፤ አፈሩን አራገፈ፤ በአሮጌ ጋዜጣ ጠቀለለና ከቤት ወጣ። በአንዱ ብብቱ ጎመኑን፣ በሌላው ብብቱ በላስቲክ የተሸፈነ ዲግሪውን ይዟል። ሰፈርተኛው ዣንጥላውን ቀና እያደረገ «ይማም፣ በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?» ሲለው «ለሥራ ቃለ መጠይቅ» ብሎ ይመልሳል። ሰዉ ጎመኑን ያያል፣ ልጁን ያያል፣ ከንፈሩን ይመጥና ያልፋል። ተምሮ ተምሮ አበደ ማለታቸው ነው።

አላበደም። ጎመኑ የትምህርት መርጃ ነው። ይማም ባዮሎጂ የተማረው አስተማሪ ሊሆን ነው እንጂ ሌላ አጥቶ አይደለም። ገና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ የሰፈሩን ልጆች ደጅ ላይ ሰብስቦ ያስጠና ነበር። አንድ ልጅ ግራ ሲገባው ቆይቶ ድንገት ሲገለጥለት ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር ካየ ወዲህ ሌላ ሥራ አላማረውም። ችግሩ ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ መሆኑ ነው፤ ቀጣሪዎቹ አያውቁም።

ነሐሴን ሙሉ ሦስት ትምህርት ቤት ተፈትኗል። በመጀመሪያው «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ አለህ?» አሉት። «የተመረቅሁት እኮ ሐምሌ ላይ ነው» አለ። «እሱንማ ከወረቀቱ አይተናል፤ እኛ የጠየቅንህ ልምዱን ነው» ብለው ሸኙት። በሁለተኛው አራት ሰዎች ፊት ለፊቱ ተደርድረው ጥያቄውን ሁሉ በእንግሊዝኛ አዘነቡበት፤ እሱም በእንግሊዝኛ በመለሰ ቁጥር እርስ በርሳቸው በአማርኛ «ምን አለ?» ይባባሉ ነበር። ሦስተኛው ዘንድ እንኳ ተሳክቶለት ነበር። አጨበጨቡለት፣ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፣ መጨረሻ ላይ «መንጃ ፈቃድህን ይዘሃል አይደል?» አሉት። ለካስ የጎደላቸው አስተማሪ ሳይሆን የሰርቪሱ ሾፌር ኖሯል።

የሚኖረው እህቱ ሐዋ ቤት ነው። ባሏ አራጋው የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ ክፋት የሌለው ግን ነገር የማያልፈው ሰው ነው። ከሥራ ሲገባ ዱቄቱን ከቅንድቡ እያራገፈ ስለ ይማም ሳይሆን ስለ ወረቀቱ ይጠይቃል፤ «እህሳ፣ ዲግሪው እንዴት ዋለ?» ይላል። ነሐሴ ሲያልቅ ግን ቀልዱን ትቶ ቁርጡን ነገረው።

«ስማኝ ይማም፤ እስከ እንቁጣጣሽ እታገሥሃለሁ። ከዚያ ወዲያ ወፍጮዬ ሰው ይፈልጋል፣ አንተም ሥራ ትፈልጋለህ። ሁለት ፈላጊ አንድ ቤት ውስጥ ተፋጦ መቀመጥ የለበትም።»

ይማም ወፍጮ ንቆ አይደለም። የፈራው ሌላ ነገር ነው፤ ለአንድ ዓመት ብሎ የገባ ሰው ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ እዚያው እንደሚሸብት ያውቃል። በከተማው ደግሞ «መምህር እንፈልጋለን» የሚለው ማስታወቂያ ያልተነሳበት ትምህርት ቤት አንድ ብቻ ቀርቷል። ስሙን አልጠራውም፤ ባለቤቱ ይህን ያነበቡ እንደሆነ እኔንም ሊያርሙኝ ይመጣሉ።

ግቢው በር ላይ የደረሰው ከቀጠሮው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ነው። ዘበኛው ጋሽ እንድሪስ ከቆርቆሮ ጎጇቸው አንገታቸውን ብቅ አድርገው መጀመሪያ ጎመኑን፣ ቀጥለው ሰውየውን አዩ።

«ወጥ ቤቱ በጓሮ በኩል ነው» አሉት።

«ለመምህርነት ነው የመጣሁት፣ ጋሼ።»

«ያጀብ! ምሳህን ይዘህ?»

«ማስተማሪያዬ ነው።»

ጋሽ እንድሪስ ከእግር እስከ ራሱ ተመለከቱትና አዘኑለት። «ና፣ ግባ ተጠለል። አብሽር ብልህ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ከነሐሴ አጋማሽ ወዲህ አሥራ አንድ ሰው በዚች በር ገባ፤ አሥራ አንዱም በዚችው ወጣ።»

«ፈተናው ይከብዳል?»

«ፈተናው ምን ይከብዳል! የሚከብዱት ሰውየው ናቸው። አቶ ፈንታሁን ዴስክ ላይ ቁጭ ይሉና ተማሪ ይሆናሉ። ያውም ባለጌ ተማሪ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ ፈንታሁን ትምህርት ቤቱን ከመክፈታቸው በፊት ቆርቆሮና ምስማር ይሸጡ ነበር፤ በሥራው ጎበዝ ነበሩ ይባላል። ኋላ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ወርደው ስለ መምህራን አመራረጥ የሦስት ቀን ሥልጠና ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ የማያውቁት ነገር ጠፋ። ሐኪም ሲያክማቸው መድኃኒቱን ያርሙለታል። ለቅሶ ቤት ሄደው በሟቹ ዕድሜ ከገዛ ልጆቹ ጋር ይከራከራሉ። ከሥልጠናው ይዘውት የመጡት ዋና ነገር ግን ይህ ነበር፤ አመልካቹ እንደ እውነተኛ ክፍል ሃያ ደቂቃ ያስተምራል፣ ፈታኞቹ ዴስክ ላይ ተቀምጠው እንደ ተማሪ ይማራሉ። ሌላው ቦታ ይህ ደንበኛ ፈተና ነው። አቶ ፈንታሁን እጅ ሲገባ ግን ጨዋታ ሆነ፤ ያውም አንድ ሰው ብቻ የሚያሸንፍበት ጨዋታ።

«ባለፈው አንዱ ‹እባክዎ ጌታዬ፣ ትንሽ ጸጥ ቢሉልኝ› ብሎ ለመናቸው» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «‹ክፍል መቆጣጠር አይችልም› ብለው ጣሉት። በማግሥቱ የመጣችው ልጅ ተቆጣቻቸው፤ ‹አክብሮት የላትም› ተባለች። አንዱ ደግሞ እንዳላየ ሆነ፤ ‹ይህማ እንጨት ነው› አሉት። ሌላው ሳቀላቸው፤ ‹ቀላል ሰው ነው› ብለው ሸኙት።»

«ታዲያ ምን ቢያደርጉ ይሻላል?»

ጋሽ እንድሪስ ዝናቡን አዩት። «እኔ ብሆን ጎመኑን ይዤ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር። ቢያንስ ምሳ ይሆናል።»

ይማም ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። ቢመለስ የሚጠብቀው ወፍጮ ነው፣ ቢገባ የሚጠብቁት አቶ ፈንታሁን ናቸው፤ ወፍጮው ቢያንስ ሰው አያርምም። ግን ዝናብ ሲመታው የመጣ ሰው ሳይሞክር ይመለስ? ጎመኑን አስተካክሎ ያዘና ገባ።

ፈተናው የሚሰጠው ምድር ቤት፣ በሩ ወደ ግቢው በሚከፈት የአራተኛ ክፍል ውስጥ ነው። ፈታኞቹ ሦስት ናቸው። ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ዘምዘም መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ወረቀት ያገላብጣሉ። ከጎናቸው ሂሳብ ሹሙ አቶ ደምሌ አሉ፤ ከመምህር ቅጥር ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም፣ ክፍሉ ባዶ እንዳይመስል ነው የተጠሩት። አቶ ፈንታሁን እንዳይበርዳቸው ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው መሀል ላይ ቆመዋል።

«አንተ ነህ አሥራ ሁለተኛው?» አሉት።

«ይማም አስፋው እባላለሁ።»

«ስም በኋላ ይደረስበታል፤ መጀመሪያ ደንቡን ስማ። እዚህ ዴስክ ላይ ስቀመጥ ፈንታሁን ነኝ፤ የአራተኛ ለ ተማሪ። አንቱ የለ፣ ጌታዬ የለ። አንቱ ያለኝ ዜሮ ያገኛል። ከዴስኩ ስነሳ ደግሞ የዚህ ትምህርት ቤት ባለቤት ነኝ። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ሁሉም የገባቸው ይመስላቸዋል» አሉና ሊቀመጡ ሄዱ። ዴስኩ ለአሥር ዓመት ልጅ የተሠራ ነው፤ መጀመሪያ ሆዳቸው ገባ፣ እሳቸው ተከተሉ። ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ስለሆኑ ከዚህ በኋላ እኔም አንቱታውን አንስቻለሁ። የሁለቱ ግን ባለበት ይቆያል፤ እነሱ አላስቸገሩም።

ወይዘሮ ዘምዘም ስልካቸው ላይ ሃያ ደቂቃ ሞሉ። ይማም ወደ በሩ ሄዶ እንደ አዲስ ገባ።

«እንደምን አደራችሁ፣ ልጆች?»

ወይዘሮ ዘምዘምና አቶ ደምሌ ብድግ ብለው «እንደምን አደሩ፣ ቲቸር!» ሲሉ ልክ እንደ ልጆቹ አዜሙት። ፈንታሁን አልተነሳም። እግሩን ዘርግቶ ያዛጋል።

ይማም ጎመኑን ከጋዜጣው ፈታና ከፍ አድርጎ አሳየ። «ይህ ምንድን ነው?»

«ጎመን!» አሉ አቶ ደምሌ፤ ከትምህርት ቤት ከወጡ ጀምሮ ጥያቄ ሲመልሱ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

«ሥጋ!» አለ ፈንታሁን።

«ለዛሬ ጎመን ይሁንልን። ይቺ ከታች ያለችውስ ምን ትባላለች?»

«ቲቸር! ቲቸር!» ፈንታሁን እጁን እያወዛወዘ ጮኸ። «ደምሌ እርሳሴን ሰረቀኝ!»

አቶ ደምሌ ደነገጡ፤ እውነት መስሏቸው የኮታቸውን ኪስ ፈተሹ። ይማም አልተቆጣም፣ አልሳቀም። ከደረት ኪሱ የራሱን እስክሪብቶ አውጥቶ ፈንታሁን ፊት አስቀመጠ። «ለጊዜው በዚህ ጻፍ። እርሳስህን ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ አብረን እንፈልጋለን።» ወደ ጎመኑ ተመለሰ። «ሥር ትባላለች።»

«ተሳስተሃል ቲቸር! ጎመን ሥር የለውም። እናቴ ከገበያ የምታመጣው ጎመን አንድ ቀን ሥር ኖሮት አያውቅም።»

«ጥሩ አስተውለሃል» አለ ይማም። «እንግዲያው ገበያ የሚወጣው ጎመን ሥሩን የት ጣለው? ማን ይነግረኛል?»

«እኔ! እኔ!» አቶ ደምሌ ጣታቸውን አንጣጡ። «ገበሬው ቆርጦት ነው! ሥሩ ውሃ ከአፈር የሚስብበት ነው፤ ለኛ ምን ያደርግልናል!»

«ጎበዝ ደምሌ። አጨብጭቡለት።»

ወይዘሮ ዘምዘም አጨበጨቡ። አቶ ደምሌ ፊታቸው በራ። ፈንታሁን ግን ፊቱን አጠቆረ፤ ነገሩ እንዳሰበው አልሄደለትም። ማፏጨት ጀመረ። ይማም «ፈንታሁን፣ ተነስና እዚህ ፊት ዴስክ ላይ ተቀመጥ» ሲለው ያለ ወትሮው እሺ ብሎ መጣ። ይማምም «ተመስገን» አለ በልቡ። የቸኮለ ምስጋና ነበር፤ የፊቱ ዴስክ ለጎመኑ ቅርብ ነው። ይማም ወደ ሰሌዳው ዞር ከማለቱ ፈንታሁን ትልቁን ቅጠል ገነጠለ፣ በጥርሱ ቦጨቀ፣ የቀረውን አድቦልቡሎ ወደ ኋላ ወረወረው። ወይዘሮ ዘምዘም መነጽር ላይ ጠብ አለ።

ወይዘሮ ዘምዘም መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። አሥራ አንድ ጊዜ የሆነባቸው ነው።

«ፈንታሁን» አለ ይማም፣ ድምፁን ሳያነሳ፤ «ስታጠፋ ይህ ሦስተኛህ ነው። ተነስና ዘምዘምን ይቅርታ ጠይቃት።»

«አልጠይቅም!»

«ተነስ ብያለሁ።»

ፈንታሁን ተነሳ፤ ግን ይቅርታ ሊጠይቅ አይደለም። ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ደረቱን ነፋ። «አባቴ ማን እንደሆነ ታውቃለህ? የዚህ ትምህርት ቤት ባለቤት ነው! ለአባቴ ነግሬ ዛሬውኑ ነው የማስባርርህ!»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ወይዘሮ ዘምዘም ከእውነተኞቹ ልጆችም ይሰሟታል፤ አንድ ልጅ እንደዚያ ባለ ቁጥር ስንት ወጣት መምህር አንገቱን እንደሚደፋም ያውቃሉ። የመጡት አመልካቾችም አብዛኞቹ የወደቁት እዚችው ላይ ነው፤ አፋቸው ተሳስሮ «ይቅርታ ጌታዬ» ይላሉ፣ ጌታዬ ያለ ደግሞ ዜሮ ነው።

ለይማም የመጣለት ግን አንድ መልስ ብቻ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአስተማሪዎቹ ሁሉ ሲሰማው የኖረው።

«አባትህን እኔም እፈልጋቸዋለሁ» አለ። «ውጣና ይዘሃቸው ና። ወላጅ ሳታመጣ አትገባም።»

እዚህ አገር የተማረ ሰው ሁሉ ይህችን ፍርድ ያውቃታል። ወላጅ አምጣ ከተባለ በኋላ ክርክር የለም። ለአስተማሪ አልንበረከክም ያለ ጎረምሳ ሁሉ እዚች ላይ ሲደርስ ይለማመጣል፤ የባሰበትም ሻይ ቤት ሄዶ አንዱን ሽማግሌ «አጎቱ ነኝ በሉልኝ» ብሎ ይለምናል። ፈንታሁን ግራ ቀኙን አየ። አቶ ደምሌ ቶሎ ብለው ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። «ባለቤቱ ነኝ» ብሎ እዚያው ጨዋታውን ቢያፈርስ መሸነፉ ነው፤ ያውም ገና ስምንት ደቂቃ እየቀረው። ስለዚህ በኩራት ባርኔጣውን አስተካከለና በሩን ገርበብ አድርጎ ወደ ዝናቡ ወጣ። ከውጭ ድምፅ ተሰማ።

«ጌታዬ! ምነው በዝናብ?» የጋሽ እንድሪስ ድምፅ ነው።

«አስወጣኝ።»

«ማን ነው የሚያስወጣዎ?»

«ቲቸሩ። ወላጅ አምጣ አለኝ።»

ጋሽ እንድሪስ በትልቅ ርኅራኄ «እኔ ልግባልዎ?» አሉ።

አቶ ደምሌ ዴስኩ ላይ ተደፍተው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ይማም ጠመኔውን አንስቶ ትምህርቱን ቀጠለ። ግንድ አለ፣ ቅጠል አለ፣ ሰሌዳው ላይ ሣለ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። አቶ ደምሌም ሳቃቸውን ጨርሰው እጃቸውን አወጡ።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ግራ ይገባኛል። ውሃ ቁልቁል ነው የሚፈሰው። እንዴት ብሎ ከሥር ወደ ቅጠል ሽቅብ ይወጣል?»

ይህ የማስመሰል ጥያቄ አልነበረም፤ ሰውየው ምናልባት ሠላሳ ዓመት ሲያስቡበት ኖረዋል። ይማም ጥያቄውን ሲሰማ ፈተና ላይ መሆኑን ረሳ። አንድ እግሩን ወንበር ላይ አወጣ።

«ሱሪዬን እዩት። ስመጣ ኩሬ የረገጥኩት በጫማዬ ነው፤ ቢበዛ ቁርጭምጭሚቴን ነው የነካኝ። አሁን ግን ርጥበቱ የት ደርሷል?»

«ጉልበትህ ሊደርስ ነው!» አሉ ወይዘሮ ዘምዘም፤ ቲቸር ማለቱንም ረሱት።

«ማን አወጣው? ማንም። ጨርቁ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ቀጫጭን ክፍተቶች አሉ፤ ውሃው እነሱን ይዞ ይወጣጣል። ጎመኑም ውስጥ እንደዚያ ያሉ ቱቦዎች አሉ። ላይ ቅጠሉ ውሃውን ሲያተን ደግሞ ከሥር ሌላ ይስባል።»

አቶ ደምሌ የራሳቸውን ሱሪ ጎንበስ ብለው አዩት። «ጉድ ነው» አሉ በቀስታ።

በዚህ መሀል በሩ በእግር ተመትቶ ግድግዳውን አንቀጠቀጠው። አቶ ፈንታሁን ናቸው፤ አንቱታቸውን ይዘው ተመልሰዋል። ከባርኔጣቸው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ኮታቸው ርሷል፣ ፊታቸው በርበሬ መስሏል። ውጭ ቆመው ከሰሙት ሳቅና ከሰሙት ጸጥታ የትኛው ይበልጥ እንዳናደዳቸው እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም።

«በቃ!» አሉ። «አሁን ተማሪ አይደለሁም፤ ዴስክ ላይም አልተቀመጥኩም! በገዛ ትምህርት ቤቴ፣ ከገዛ ክፍሌ፣ ዝናብ ላይ ታስወጣኛለህ? ሥራ ልትለምን መጥተህ? ንገረኝ እስቲ፤ እዚህ ግቢ ውስጥ እኔ ማን ነኝ?»

ወይዘሮ ዘምዘም ወረቀታቸው ላይ አቀረቀሩ። አቶ ደምሌ ሂሳብ ሹም መሆናቸውን አስታውሰው ቁጭ ባሉበት አነሱ። ይማም ፈራ፤ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ይቅርታ ቢጠይቅ ይወድቃል፣ ቢከራከር ይወድቃል፣ ዝም ቢል ይወድቃል። እጁን አየው፤ በጠመኔ ነጭ ሆኗል። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ይህን እጅ ነጭ የሚያደርገው ጠመኔ ይሁን ዱቄት በአሁኗ መልስ ይቆረጣል።

ጠመኔውን አስቀመጠ። የመምህሩን ወንበር ከጠረጴዛው ጀርባ ስቦ አወጣ፣ በክንዱ ጠረገው፣ አቶ ፈንታሁን ፊት አደረገው። ከዚያ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አባት፤ ይቀመጡ» አለ። «እርስዎማ የፈንታሁን ወላጅ ነዎት። በዚህ ዝናብ ስላስመጣሁዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጅዎ ጭንቅላት አለው፤ ግን ሰው ሲናገር ያቋርጣል፣ ሳያውቅ ሰው ያርማል፣ ጓደኞቹን ይመታል። ይህን ለማረም ወላጅ አልጠራም፤ እሱ የኔ ሥራ ነው። የጠራሁዎ በሌላ ነገር ነው። ‹አባቴ ከሥራ ያባርርሃል› አለኝ። እኔም ትምህርት ቤት እስከ መክፈት የደረሰ ሰው፣ ልጄን ለምን ሥርዓት አስያዝክልኝ ብሎ አስተማሪ አያባርርም ብዬ አላመንኩትም። እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ልጁ እውነቱን ነው ወይስ ዋሽቷል?»

የወይዘሮ ዘምዘም ስልክ ሃያ ደቂቃው አልቆ ጮኸ። ማንም አላጠፋውም፤ ጮኾ ጮኾ ራሱ ዝም አለ። አቶ ፈንታሁን ወደ ወይዘሮ ዘምዘም ዞሩ፤ ወይዘሮ ዘምዘም ደግሞ ቀና ብለው እንደ ማንኛውም ሰው መልሱን እየጠበቁ ነው። ወንበሩን አዩት። ተቀመጡ። ርጥብ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ዋሽቷል፣ መምህር» አሉ። «ትምህርት ሲከፈት እርስዎው ይቅጡልኝ።»